ዓሣው ሲታመም መጀመሪያ ውኃውን እንይ

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ፣ አምቦ፣ የቀረበ ንግግር



እኛ የኩሬው ኮሚቴ አባላት ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ዓሣ ጤና ነው። ዶሮና በግ ማርባት ለለመድን ሴቶች ዓሣ እንግዳ ከብት ነው። ዶሮ ስትታመም ዶሮዋን እናያለን፤ ዓሣ ሲታመም ግን መጀመሪያ የምናየው ውኃውን ነው። ዓሣ የሚተነፍሰውም፣ የሚበላውም፣ የሚጸዳዳውም እዚያው አንድ ውኃ ውስጥ ነውና።

ኩሬው የተቆፈረው ከቁጠባችን በወጣ ብር ነው። ቆሮሶዎቹን የምናሳድገው የዓሣ ፈላጊ ለሚበዛበት ለዐቢይ ጾም ገበያ ነው። በአንድ ሌሊት ቢያልቁብን አብሮ የሚያልቀው የልጆቻችን ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ስለዚህ ይህ ነገር የኮሚቴው ብቻ ሳይሆን የሁላችን ጉዳይ ነው።

ተረኛ የሆነች እህት ጎሕ ሲቀድ ኩሬው ዳር ትቁም። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚጎርሱ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኦክስጅን ማነስ ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን ዕፅዋት ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነሱም ከውኃው ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው። በክረምት ደመናው ሳይገለጥ ሲሰነብት ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው ሐምሌ የሆነውም ይኸው ነው። ሦስት ቀን ፀሐይ ሳናይ ቆይተን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጡ። አንዳንዶቻችን ገንዘብ አዋጥተን ካፕሱል እንግዛ አልን። አንዲት እናታችን ግን «እስቲ መጀመሪያ ውኃውን እንንካው» አሉ። መኖና ፍግ መጨመር አቆምን፤ አዲስ ውኃ ከፍ ካለ ቦታ በድንጋይ ላይ እየተንቆረቆረ እንዲገባ አደረግን። በሦስተኛው ቀን ንጋት ዓሦቹ ወደ ታች ተመልሰው ነበር። ለመድኃኒት አንድ ብር አላወጣንም።

የውኃውን ሁኔታ ለመለካት ክንዳችን ይበቃል። እጃችሁን ዘርግታችሁ እስከ ክርናችሁ ድረስ ቀስ እያላችሁ ወደ ውኃው አስገቡ። መዳፋችሁ የሚጠፋው ውኃው ክርናችሁ ጋ ሲደርስ ከሆነ አረንጓዴነቱ ልክ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከጠፋ ፍጉ በዝቷል፤ ክርናችሁ ገብቶም መዳፋችሁ ከታየ ፍግ ያንሰዋል። ውኃው አረንጓዴ ሳይሆን በጭቃ የደፈረሰ ከሆነ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም።

መኖንም እንጠንቀቅ። ዓሣው ያልበላው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ከታች ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጥራል። አሞኒያ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል። ስለዚህ በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እንስጥ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት። ቆሮሶ የሚስማማው ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ ነው፤ ሲበርደው መብላት ይቀንሳል፣ በሽታም ይደፍረዋል። በውርጭ ወራት መኖው ውኃው ሲሞቅ፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ይሰጥ።

የአገራችን ምንጭ በጋዙ የታወቀ ነው። ለእኛ የሚጣፍጠን ይህ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲበዛ ዓሣውን ያፍነዋል። የምንጭ ውኃ ወደ ኩሬ ከመግባቱ በፊት በድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ጋዙን ይልቀቅ። ከእርሻ የሚመጣ ጎርፍም የአረም መድኃኒት ይዞ ስለሚመጣ ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልገናል።

በቤታችሁ ወይም በሱቃችሁ የመስታወት ገንዳ ያላችሁም ሕጉ ያው ነው። ውኃውን በሙሉ አትድፉት፤ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ቀይሩ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ተቀድቶ አንድ ቀን ክፍቱን ይደር። የማጣሪያውን ስፖንጅም ከገንዳው በወጣ ውኃ እጠቡት፤ አሞኒያውን የሚያጠፉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እዚያ ይኖራሉ።

ውኃው ተስተካክሎም ገላው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ ወይም ቁስል ያለበት ዓሣ ከታየስ? ያን ጊዜ ጨው ይረዳል። ግን እናስላው። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100,000 ሊትር ይይዛል። በሊትር 1 ግራም ብቻ ብንጨምር 100 ኪሎ ጨው ይፈጃል። ስለዚህ የታመመውን በመረብ አውጥተን በሳፋ እናጥበዋለን፦ ለ20 ሊትር የኩሬ ውኃ 200 ግራም ጨው፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ ዓይናችንን ሳንነቅል። ዓሣው በጎኑ ከተጋደመ ወዲያው ይውጣ። የሞተው ይቀበር እንጂ ወደ ሁሉቃ ወንዝ አይጣል።

ለሰው የታዘዘ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ኩሬ ውስጥ መበተን ግን ይቅር። የተበላሸ ውኃ አያጠራም፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ በዓሣው ሥጋ ውስጥም ሊቀር ይችላል። ጀርሞችም መድኃኒቱን ይለምዱትና ነገ ልጃችን ስትታመም አልሠራ ይላታል። ውኃ ተስተካክሎ፣ ጨው ተሞክሮ ዓሣው መሞቱን ካላቆመ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም እንጥራ። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ዓሣን የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉት።

የምትደግፉን ወዳጆቻችን፣ ምን እንላክላችሁ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። የመድኃኒት ካርቶን አንፈልግም። የውኃ ቴርሞሜትር፣ አሞኒያ መለኪያ፣ ጥሩ መረብና ለጎርፍ መቀልበሻው ቦይ የሚሆን ሲሚንቶ ቢሆንልን ብዙ ዓሣ ሳይታመም ይቀርልናል። እናንተ እህቶቻችን ደግሞ የንጋት ተራችሁን አትዝለሉ። የተራው ዝርዝር በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ተለጥፏል፤ ስማችሁን አይታችሁ ሂዱ።