መዝገቡ ሲጠፋ ቅድመ አያትን ከየት እንፈልግ?

የቆቦና የቆላው ራያ ሰው ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይደጋግማል፤ «ወረዳው ሰነድ ጠፍቶበታል፣ የአያቴን አባት በምን ላግኘው?» ይላል። ቆቦ በ2013 ክረምትም በ2014 ማብቂያም ጦርነት ሲያልፍባት ከየቢሮው ብዙ ወረቀት ጠፍቷል። ሆኖም ወረቀቱ ቢተርፍም ቅድመ አያታችሁን እዚያ ማግኘታችሁ አጠራጣሪ ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው ገና በ2008 መጨረሻ ነው።

እኔ ፍለጋውን ከጎረቤት ጀምሩ እላለሁ። የናንተ የመሬት ደብተር ቢቃጠል የአዋሳኛችሁ ሊኖር ይችላል። እሱ ላይ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ የሚያዋስን ተብሎ የተጻፈው አባታችሁ ይሆናል። ደብተሩ የሚስትንም ስም ስለሚይዝ ሴት አያታችሁን ከነአባቷ ስም ልታገኟት ትችላላችሁ። የቅሬውን (የዕድሩን) መዝገብም አስፈልጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ሟቹን ከነልጆቹ፣ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለም የእሱን ልጆች ጭምር ይዘረዝራል፤ ግልባጩም አጎት ወይም አክስት ሣጥን ውስጥ አይጠፋም።

የቆየ ወረቀት የምትፈልጉ «ሰሜን ወሎ» እያላችሁ አትድከሙ። እስከ 1983 ድረስ ቆቦም አላማጣም በወሎ ሥር ነበሩ፤ በጊዜው ወረቀት ላይ በብዛት የምታገኙት «ራያና ቆቦ አውራጃ» የሚለውን ነው።

ከወረቀት በላይ ያለው በሽማግሌ አንደበት ነው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በርስት ዘመን ትውልድ የሚቆጠረው መሬት ለመካፈል ነበር፤ ተከራካሪው ወደሚጠቅመው አባት ዘሩን ቢስብ አይገርምም። በ1967 የገጠር መሬት አዋጁ ርስትን ሲሽር የመቁጠሩም ፍላጎት ቀዘቀዘ። ስለዚህ አንዱን ሽማግሌ ብቻ አትመኑ። ሁለት ሽማግሌ ለየብቻ ጠይቁ፤ ባልቴቶችንም አትዝለሉ፤ ማን ከየት እንደተዳረች፣ ማን የማን የእንጀራ ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሏቸው። «ከማይጨው ዘመቻ በፊት ነው በኋላ? በቀዳማዊ ወያኔ ጊዜ ልጅ ነበሩ?» በሉ። የመጀመሪያው 1928፣ ሁለተኛው 1935 ስለሆነ ዕድሜውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ትውልድ ስትቆጥሩ ከአሊ በላይ ገብረ ሥላሴ ቢመጣ ደግሞ ስሕተት ነው ብላችሁ እንዳትሰርዙ፤ ወሎ ነው፣ አንድ ዘር ሁለቱንም ሃይማኖት ይዞ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቁ የክርስትና ስሙን ይዛችሁ ሂዱ። በዓለም ስሙ ብትጠሩት ካህኑም ላያውቀው ይችላል።

በ1977 ድርቅ ጊዜ በሠፈራ የሄዱትን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ከወሎ ወደ ፓዊ፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር የተወሰደው ሕዝብ ብዙ ነው። ከዘመዶቻችሁ በዚያ የቀረ ካለ ስልክ ደውሉለት፤ ከቤተሰቡ ታላቅ የሆኑትን ሰው ስልኩ ላይ ያቅርባቸው፤ ስትነጋገሩም ድምፁን ቅዱት።