አውሬዎቹ መድረክ ሲወጡ፦ ከእሳት ዳር ተረት እስከ «ፋቡላ»



ከወልዲያ እስከ መርሳና ሀብሩ ገጠሮች ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን መልሰን ያደግን ብዙዎች ነን። በእነዚያ ተረቶች አንበሳ ይፈርዳል፣ ጅብ ይስገበገባል፣ ጦጣ በብልጠቷ ታመልጣለች። ንጉሡም ዳኛውም ይታማሉ፤ ተራኪውን ግን የሚከስሰው የለም። ይህ ነጻነት ተረቱ መድረክ ላይ ሲወጣ ለምን አልዘለቀም? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ ያደረገው ይህ ሥራ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት በመባል ይታወቃል። አውሬዎቹ በአዲስ አበባ፣ በመኳንንቱ ፊት፣ ስለ አስተዳደር ብልሹነት ተናገሩ። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመንም ተውኔቱ ታገደ። ደራሲው በኋላ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸው፣ ጉዳዩ ከቀልድ ያለፈ እንደ ነበር ያስረዳል።

እንደ እኔ ግምት ልዩነቱ ያለው ከአድማጩ ዘንድ ነው። እሳት ዳር እያንዳንዱ ለብቻው ይረዳል፤ ገብቶኛል ብሎ እንዲናገር አይገደድም። በአዳራሽ ግን አንዱ የሌላውን ሳቅ ይሰማል፤ የሳቀ ሁሉ ምሥጢሩን ማወቁን ይመሰክራል። የአውሬው ቆዳ ተናጋሪውን የሚሸፍነው ሰሚዎቹ ያልገባቸው መስለው መቀመጥ እስከቻሉ ድረስ ብቻ ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ካትስ ዶንት ዳንስ» የተሰኘ ሙዚቃዊ አኒሜሽን ፊልም ለንጽጽር እንመልከት። ዳኒ የተባለው ድመት ዘፋኝና ተወዛዋዥ ሊሆን ሆሊውድ ይገባል፤ የተሰጠው ቃለ ተውኔት ግን «ሚያው» ብቻ ነው። በመጨረሻ ለእንስሳቱ በሩን የሚከፍተው የስቱዲዮው ጌታ ፈቃድ ሳይሆን በአዳራሽ የተሰበሰበው ሕዝብ ጭብጨባ ነው። የሚያሳዝነው፣ ራንዲ ኒውማን ዜማ የደረሰለት ይህ ፊልም በቂ ማስታወቂያ ስላልተደረገለት ራሱ ተመልካች አጥቶ ቀረ። «ፋቡላ»ን ዝም ያሰኘው እገዳ ነበር፤ ይህን ፊልም ደግሞ ቸልታ። ሁለቱም ያጡት ግን አብሮ የሚሰማ ጉባኤ ነው።

ስለዚህ የእንስሳት ተረት ስታጠኑ «አንበሳው ማንን ይወክላል?» በሚለው ብቻ አትቁሙ፤ «ማን ከማን ጋር ተቀምጦ ሰማው?» ብላችሁም ጠይቁ። በየቀያችሁ ተረት ስትሰበስቡም ከተራኪው ቃል ጎን አድማጮቹ የሳቁበትንና ዝም ያሉበትን ቦታ መዝግቡ። የተረቱ ግማሽ ትርጉም ያለው እዚያ ነው።