ታናሹ ገና አልመጣም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ያለንበት ወራት ወርኀ ጽጌ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን መስከረም 25 ቀን ፈጽማ በማግሥቱ ዘመነ መጸውን ትቀበላለች። ከዚያው ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ባሉት 40 ቀኖች፥ እመቤታችን ሕፃኑን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደድዋን እያሰበች በማኅሌተ ጽጌ ታመሰግናለች። ከዚህ ቀጥሎ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው፤ ይህንም በዓል የጎንደር ሰው አጥብቆ ያውቀዋል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕት ዓመት በኮረብታው ላይ ያሠሩት ደብር በዚሁ ስም ይጠራልና።

ነገር ግን ይህ የአበባና የማኅሌት ወራት ለገበሬው ቤት ዕረፍት የሌለበት ወራት ነው። በደጋው ገብሱ ይታጨዳል፤ ዝቅ ባለው አገር ማሽላው እሸት ይዞ ወፉን ይጠራል፤ ጤፉም ዳጉሳውም ተራውን ይጠብቃል። በዚሁ ላይ ተማሪ ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። እንግዲህ ወንዶች ልጆች ያሉት ቤት በዚህ ጊዜ ልጆቹን የሚቈጥረው በእጃቸው ብዛት ነው፤ ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም፥ እኛም በዚያው ቤት ተወልደን ያደግን ነንና።

ባለፈው ዓመት በጽጌ ማብቂያ ከደባርቅ ተነሥተን ሊማሊሞን ወርደን ድብ ባሕር ደርሰን ነበር። ያን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ እየተጠማዘዘ ሲወርድ የደባርቅ ብርድ ከላይ ይቀራል፥ አየሩም ይለሰልሳል። ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ በማሽላ እርሻ መካከል በአራት አጣና ላይ የቆመ ማማ አየን፤ በላዩም 9 ዓመት የሚሆነው ብላቴና ወንጭፉን ይዞ ወፍ ያባርር ነበር። ከሥሩ ስናልፍ፥ «ይፍቱኝ አባ» አለን። ባረክነው። ቀጥሎም፥ «አባ፥ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ማክሰኞ መሆኑን ነገርነው። በጣቱ ቈጠረና ዝም አለ። ደብተሩን በማማው ክዳን ሣር ውስጥ ሸጉጦት ነበር፤ ጫፉ ወጥቶ ከታች ይታይ ነበር።

አባቱን ከእርሻው በታች ዳጉሳ ሲያጭድ አገኘነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ማጭዱን አስቀምጦ ተሳለመን፥ ውኃም አስመጣልን። ስንት ወንዶች ልጆች እንዳሉት ብንጠይቀው፥ «ሦስት ናቸው፥ አባቴ» አለ። ወዴት እንዳሉ ብንጠይቀው፥ «ትልቁ ይኸው ከእኔ ጋር ያጭዳል፤ ተከታዩ ከከብቶቹ ጋር ነው» ብሎ ነዶውን ማሰር ቀጠለ። ነዶውን አስሮ ከጨረሰ በኋላ ቀና አለና፥ «ታናሹማ ማማ ላይ ነው» አለን።

ወገኖቻችን ሆይ፥ ይህን በሰማን ጊዜ በልባችን የመጣው የእሴይ ቤት ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈ፥ ነቢዩ ሳሙኤል የቅብዐቱን ቀንድ ይዞ ወደ ቤተ ልሔም በመጣ ጊዜ እሴይ ሰባቱን ልጆቹን በፊቱ አሳለፈ። ከእነርሱ አንዱ እንኳ የተመረጠ አልሆነም። ነቢዩም ሌላ ልጅ እንዳለ ሲጠይቅ ነው አባትየው ታናሹ በጎች እንደሚጠብቅ የተናገረው። እስቲ ይህን ልብ እንበል። እሴይ ክፉ አባት አልነበረም፤ ልጁንም አልጠላውም። ነገር ግን በቤቱ እንግዳ መጥቶ መሥዋዕት ተዘጋጅቶ ሳለ፥ በሜዳ ያለውን ልጅ ማንም አልጠራውም፤ በጎቹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋልና። ሥራው ልጁን ሸፈነው። ነቢዩ ግን ያ ልጅ ሳይመጣ ወደ ማዕድ እንደማይቀመጡ ቈርጦ ተናገረ።

በእርግጥ የሜዳውን ሥራ የምንንቅ አይምሰላችሁ። ዳዊት ወንጭፍ መወርወርን የተማረው ከመምህር ዘንድ ተቀምጦ አልነበረም፤ ያው በጎች በመጠበቅ ነው። ልጅ ከአባቱ ጋር መሥራቱ፥ የእህሉን ጠባይ ማወቁ፥ የእናቱን ድካም ማየቱ ሰው ያደርገዋል። ማሽላውም ካልተጠበቀ ቤቱ እንደሚራብ እናውቃለን። የወፍ መንጋ አንድ ጥዋት ካረፈበት፥ ዝንጀሮም ከገደል ወጥቶ ከገባበት፥ የዓመት ድካም በአንድ ቀን ይጠፋል። እኛ በከተማ ሆነን ልጆቻችሁን ሁሉ ከእርሻ አውጡ ብንል፥ ያልዘራነውን እህል በሰው ጎተራ የምንሰፍር እንሆናለን።

ጥያቄው ሌላ ነው። ማማ ላይ ያለው ልጅ ቀኑን የረሳው ለምንድር ነው? ቀኖቹ ሁሉ አንድ ስለ ሆኑበት ነው። ሰኞ ወፍ ነው፥ ማክሰኞ ወፍ ነው፥ እሑድም ወፍ ነው። ዝንጀሮ ሰንበት አያከብርም፤ ስለዚህ በእሑድ ጥዋት አባትና እናት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚቀረው እርሱ ነው። ሕፃን ሆኖ በእናቱ ክንድ ላይ ይቈርብ የነበረው፥ ወንጭፍ ለመያዝ በደረሰ ጊዜ ከቅዱስ ቍርባን ይርቃል። ይህ በአንድ ቤት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ይህን ከምትሰሙት መካከል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

በዚህ ነገር የእኛን የካህናቱን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ግብዝነት ይሆንብናል። በጽጌ እሑዶች ሌሊቱን በማኅሌት እናነጋለን፤ ከበሮውን የሚያቀብሉን፥ ጧፉን የሚይዙልን እነዚሁ ብላቴኖች ናቸው። ሲነጋ ደክሞናልና ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ ልጁ ሌሊቱን ስለ ምን እንደ ቆመ፥ የምናመሰግናት እናት ሕፃንዋን ወዴት ይዛ እንደ ተሰደደች ሳንነግረው እናሰናብተዋለን። እኛም ልጆቹን በእጃቸው ነው የቈጠርናቸው።

በወንጌለ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ በነበረ ጊዜ የሆነው ተጽፎአል። ዮሴፍና እመቤታችን የፋሲካን በዓል አክብረው ሲመለሱ፥ ልጁ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሎአቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እርሱ ግን በኢየሩሳሌም ቀርቶ ነበር። ከእመቤታችን የሚበልጥ እናትነት የለም፤ የዮሴፍም ትጋት የታወቀ ነው። ይህ በእነርሱ ቤት ከሆነ፥ ልጁ ከዘመዶች ጋር ነው፥ ከከብቶቹ ጋር ነው፥ ከጓደኞቹ ጋር ነው እያልን የምንሄደው መንገድ በእኛ ቤት ስንት ቀን ይሆን? እነርሱ ግን እንዳጡት ባወቁ ጊዜ መንገዱን አልቀጠሉም፤ እያዘኑ ተመለሱ፥ በሦስተኛውም ቀን በመቅደስ አገኙት።

ደግሞም ይህ ወራት የሚያሳስበን ስደት ራሱ ስለ አንድ ሕፃን የተደረገ ጉዞ ነው። በወንጌለ ማቴዎስ በምዕራፍ 2 መልአኩ ዮሴፍን ሲያዝዘው ሕፃኑንና እናቱን እንዲይዝ ነገረው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የጠራው ሕፃኑን ነው። ስለ መሣሪያው፥ ስለ ሙያው፥ ስለ ቤቱ ዕቃ የታዘዘው ነገር የለም። ዮሴፍም እስኪነጋ አልቈየም፤ በሌሊት ተነሣ።

ስለ እናቶች ጥቂት እንበል። በመኸር ጊዜ የእናት ቀን የሚጀምረው ዶሮ ሳይጮኽ ነው። እሳቱን ታነዳለች፥ እንጀራውን ትጋግራለች፥ ለአጫጆቹ ስንቁን ታዘጋጃለች፤ በፈቃድዋም የጽጌን ጾም ይዛ እንደ ሆነ ይህን ሁሉ የምታደርገው ሳትቀምስ ነው። እንደዚህ ያለችውን እናት ልጅሽን ረሳሽ ማለት በደል ነው። ነገር ግን ሐና ልጅዋን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ ሠርታ ትወስድለት እንደ ነበር መጽሐፍ ይነግረናል። ቀሚሱ ከአምናው ይልቅ ጥቂት መርዘም አለበትና፥ ሐና የልጅዋን ቁመት በልብዋ ይዛ ትኖር ነበር ማለት ነው። እኛም በልጅነታችን ማሽላ ስንጠብቅ እናታችን ቆሎውን በሌላ ሰው እጅ አትልክልንም ነበር፤ ራስዋ ወደ ማማው መጥታ በጥላው ሥር ትቀመጥና ምን እንዳየን ትጠይቀን ነበር። ያየነው ወፍ ብቻ ነበር፤ እርስዋ ግን እስክንጨርስ ታደምጠን ነበር። ስለ ሴቶች ልጆች፥ ስለ ውኃውና ስለ ማገዶው የምንለው ብዙ ነው፤ እርሱን ግን በሌላ ቀን እንመለስበታለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የአገራችን ገበሬ አጨዳውን በደቦ፥ እርሻውን በወንፈል ይሠራል። ጥበቃውን ግን እያንዳንዱ ቤት በየልጁ ትከሻ ላይ ጥሎታል። እርሻቸው የተያያዘ አምስት ቤቶች ጥበቃውን በተራ ቢያደርጉት፥ አንድ ልጅ ከተማሪ ቤት የሚቀረው በአምስት የትምህርት ቀን አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። ትምህርቱ በፈረቃ በሚሰጥበት ስፍራ ደግሞ የጥዋቱ ተማሪ ከሰዓት በኋላ፥ የከሰዓቱም ተማሪ በጥዋት ቢጠብቅ ያ አንድ ቀን እንኳ ባልጠፋ ነበር። በሰንበት ግን ማማው ላይ የሚወጣው ጐልማሳ ይሁን፤ አባቶች በየተራቸው ይውጡ። ከአምስት እሑድ አንዱን በዚያ ሆኖ መጸለይ ለአባት ይቻለዋል፤ ልጁ ግን በአምስቱም ቢቀር ቤተ ክርስቲያንን የሚያውቃት ከሩቅ በደወልዋ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ስለ ተማሪ ቤት ይህን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ዘልቆ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል ደጁ ተዘግቶ የቈየ ተማሪ ቤት ብዙ ነው። ደጁ ሲዘጋ አባትና እናት ሊያደርጉት የሚችሉት ጥቂት ነው። በተከፈተበት ስፍራና በተከፈተበት ቀን ግን ልጁን ማስቀረት፥ በሌሎች እጅ የደረሰበትን በራሳችን እጅ መጨመር ነው። ካሣ ኃይሉም በልጅነቱ በገዳም ፊደል ባይቈጥር ኖሮ፥ በ1847 ዓ.ም. በስሜን በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ በነገሠ ጊዜ ምን ዓይነት ሰው ይሆን እንደ ነበር ማን ያውቃል? ከልጆቹ መካከል የትኛው ለምን እንደ ተጠራ አባት አያውቅም፤ እሴይም አላወቀም ነበር።

ማታውንም አንርሳ። አባት ከአጨዳ ሲመለስ ጀርባው ይቈስላል፥ ቃሉም ይመራል። የመጀመሪያው ጥያቄው ስንት ነዶ ታሰረ፥ ጥጃው ገባ ወይ፥ ወፉ ምን ያህል በላ የሚል ነው። ልጁ ጥቂት ካጠፋ በትር ይነሣል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 አባቶችን የከለከለው ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ነው፤ ይህንም ያለው ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ነው። ስለዚህ መብራቱ ሳይጠፋ፥ እንቅልፍም ሳይጥላቸው፥ አባት ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጥራቸው፤ አቡነ ዘበሰማያትን አብረው ይድገሙ። ይህ ከአጨዳው የሚወስደው ጊዜ አንዲት ነዶ እንኳ አያሳስርም።

በዚያ ቀን በድብ ባሕር አባትየው ይህን ሁሉ አልነገርነውም፤ ሥራ ላይ ነበርና። ወደ ማታ ግን እራት እንድንበላ ለመነንና ገባን። እንጀራው ቀርቦ ሁላችንም ስንቀመጥ እርሱ አልተቀመጠም። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ብዙ ሳይቈይ ልጁ ብቻውን መጣ፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ነበር። «አባባስ?» ብላ እናቱ ብትጠይቀው፥ «እርሱ ማማ ላይ ነው፤ ብላና ተኛ፥ ነገ ረቡዕ ነው አለኝ» አላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።