ሳይታመሙ ስለ መመርመር
በየካ ክፍለ ከተማ ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



በአገራችን ልማድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚኬደው ሲያም ነው። አንድ ሰው ከጤና ጣቢያ ሲወጣ ያየው ጎረቤት «ምነው፣ ምን ነካህ?» ብሎ ይጠይቃል። «ምንም አልነካኝ፤ ልመርመር ብዬ ነው» ብሎ የሚመልስ ግን ጥቂት ነው። ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በዚህ ልማድ ላይ ፍርሃት ተጨመረበት። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ የቀጠሮ ቀናቸውን እንኳ ትተው በቤታቸው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሕሙማን ማከሚያነት የተመደበው በዚሁ በእኛ ክፍለ ከተማ በመሆኑ፣ የበሽታውን ክብደት የየካ ሰው ከሩቅ በዜና ብቻ አልሰማውም፤ አምቡላንሱ በደጁ ሲያልፍ አይቷል።

ዛሬ ስለ ጠቅላላ የጤና ምርመራ ልናገር የመጣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ቫይረስ ከሁሉ አብልጦ የሚበረታው በዕድሜ በገፉት፣ እንዲሁም የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብዙዎች ግን ሲሰሙት «እኔን አይመለከተኝም» ብለው ያልፉታል፤ ግፊታቸው ተለክቶ ስለማያውቅ እንዳለባቸው አያውቁም። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ከዐዋቂዎች መካከል ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው፤ አብዛኞቹም ሕክምና አልጀመሩም። ግፊት አያሳምምም፣ አያስነክስም፣ አያስተኛም። ስኳርም ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። አንድ ሰው ስኳር እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በኦክስጅን ሥር ተኝቶ ሳለ ከሆነ፣ ሐኪሙ በአንድ ጊዜ ከሁለት በሽታ ጋር ይታገላል። አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ አንዱ በክኒንና በአመጋገብ ሊገታ ይችል ነበር።

እንግዲህ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ምን ይገጥማችኋል?

በወረርሽኙ ጊዜ በር ላይ እጅ ይታጠብ፣ የፊት መሸፈኛ ይደረግ፣ የሰውነት ሙቀትም ይለካ ነበር። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው በሌላ መንገድ ወደ ልየታ ክፍል ይወሰድ ነበር። ይህ ሥርዓት የተዘረጋው ለምርመራ የመጣው ጤነኛ ከታመመው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ነው። ካርድ ካወጣችሁ በኋላ የሚጠብቃችሁ የመጀመሪያው ነገር መሣሪያ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ከወላጆቻችሁ ወይም ከወንድም እኅቶቻችሁ ግፊት፣ ስኳር ወይም ካንሰር ያለበት ነበረ? ሲጋራ ታጨሳላችሁ? ጫት ትቅማላችሁ? ጠላና አረቄስ? በቤታችሁ የሚነደው ምንድን ነው? የምትወስዱት መድኃኒት አለ? ለኮሮና ይሆናል ብላችሁ የምትጠጡትን ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ዳማከሴ ጭምር ተናገሩ። ባለሙያው የሚጠይቀው ሊገሥጻችሁ አይደለም፤ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልጋችሁ የሚወስነው ከዚህ መልስ ተነሥቶ ነው። እኔ በበኩሌ ከጠቅላላ ምርመራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ይመስለኛል፤ የሚያሳዝነው ሰው የሚቸኩልበትም ይኸው ክፍል መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ክብደት፣ ቁመትና የወገብ ዙሪያ ይለካል። ከዚያ የደም ግፊት ይመጣል፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የየካ መሬት ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከላይ ከእንጦጦ ወርዶ ወይም ከታክሲ መውረጃ ዳገቱን ወጥቶ የደረሰ ሰው ልቡ እየመታ ሳለ ቢለካ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ ተቀመጡ። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፣ ሲጋራም አታጭሱ። ሽንት ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ውጡ። ብርዱ ቢከብድም ጋቢውን ገለጥ፣ ሹራቡን አውለቅ አድርጉ፤ መጠቅለያው በባዶ ክንድ ላይ ይታሠራል፤ ክንዱም በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በሚለካበት ጊዜ አትነጋገሩ። ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ባልተገባ አለካክ ምክንያት ያለ በሽታው መድኃኒት የሚጀምር ሰው አለ። ቁጥሩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆንም አንድ ቀን በተለካ ብቻ ግፊት አለባችሁ አይባልም፤ በሌላ ቀን ተመልሳችሁ ትለካላችሁ። እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአካል መስነፍ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሕክምናው በዚያው ዕለት ይጀመራል።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በዚህ ወረርሽኝ ምክንያት በየቤቱ ገብቷል። ከባሕር ጠለል አጠገብ በሚኖር ጤነኛ ሰው ላይ የሚነበበው ቁጥር ከ95 በላይ ነው። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሳሳ በሚልበት በዚህ ከፍታ ቁጥሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢታይ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ከ90 በታች ከወረደ ወይም መተንፈስ ከከበደ ግን ቤት ሆኖ መለኪያውን ደጋግሞ መመልከት አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይገባል።

ለደም ስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ መምጣት ያስፈልጋል፤ ውኃ መጠጣት ይቻላል፤ ስኳር ያለበት ሻይ ግን እንደ ምግብ ይቆጠራል። ለጿሚ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ ማለዳ መምጣት ብቻ ነው። በረመዳን የሚጾሙ ወገኖች ከሱሑር በኋላ 8 ሰዓት ስለሚሞላቸው ወደ ቀትር ግድም ቢመጡ ይቀናቸዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ከባለሙያ ጋር ሳይመካከር መርፌውን ተወግቶ ምግብ መተው የለበትም፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ከምግብ በፊት የሚለካው ስኳር በዴሲ ሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ መልካም ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው። በመካከል ላይ የቆመ ሰው ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ነው። ሽንትም ይመረመራል፤ በውስጡ ፕሮቲን መገኘቱ የኩላሊትን ጉዳት ቀድሞ ይጠቁማል።

ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አለ። ስለዚህ ምርመራ በየሰፈሩ የሚወራው ከእውነቱ እጅግ የሚያስፈራ ነው። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በተሟሟ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ከኮምጣጤ ጋር አንድ በሆነ ፈሳሽ ትቀባና ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ ታያለች፤ የተለወጠ ክፍል ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያ ነጭ ምልክት ካንሰር ማለት አይደለም፤ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው እኅቶች ምርመራውን ቀደም ብለው መጀመር አለባቸው። የጡት እብጠትም ባያምም ይነገር። ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ ዓይናችሁን አስመርምሩ፤ የዓይን ግፊት እንደ ደም ግፊት ሁሉ ሳይታወቅ ብርሃን ይነሣል፤ ለዚህም በክፍለ ከተማችን የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ቅርባችሁ ነው።

የእንጦጦን ነዋሪዎች፣ በተለይም ከባሕር ዛፉ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። «ዳገት የሚወጣ ሰው አይታመምም» ይባላል። ለልብ በከፊል እውነት ነው፤ እንቅስቃሴ ይጠቅማል። ነገር ግን ያ እንጨት በጠባብ ጓዳ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ሳንባን ቀስ በቀስ ያደክማል፤ ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት እንደ ከባድ አጫሽ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። ስለዚህ በምርመራው ጊዜ ስለ ጭሱ ተናገሩ። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ሁሉ ኮሮና ተብሎ አይታለፍ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ያስፈልገዋል። ነቀርሳ በወረርሽኙ ምክንያት ከመካከላችን አልወጣም።

በእንጦጦ ማርያም፣ በኪዳነ ምሕረትና በአካባቢው ባሉ የጸበል ቦታዎች ለሳምንታት የሚቀመጡ ወገኖችም አሉ። እነዚህን ወገኖች የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ አታቋርጡም። የግፊትን፣ የስኳርን ወይም የኤች አይ ቪን መድኃኒት ማቋረጥ ሰውነትን ለቫይረሱ ያመቻቻል። ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና ቤተ ክርስቲያን ራሷ አስተምራለች።

ስለ ውጤቱም ልናገር። ውጤት ፍርድ አይደለም። ግፊቱ በትንሹ ከፍ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር ጨው ቀንስ የሚል ነው። ጨው የሚገባው በወጡ ላይ በሚነሰነሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በርበሬውም ሲፈጭ፣ ምጥን ሽሮውም ሲዘጋጅ ገብቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይመክራል። ክኒን የታዘዘለት ሰው ደግሞ ደህና ሲሆን የሚተወው አይደለም፤ ደህና የሆነው በክኒኑ ነውና።

አንዳንድ የግል ተቋማት ብዙ ምርመራ በአንድ ዋጋ ጠቅልለው ያቀርባሉ። ከዚያ ውስጥ ለእናንተ ዕድሜና ሁኔታ የማያስፈልግ ይኖርበታል። ያለምክንያት የታዘዘ ምርመራ ገንዘብ ከመውሰዱም በላይ፣ ጤነኛውን ሰው በአጠራጣሪ ቁጥር ሊያስጨንቀው ይችላል። ሠላሳ ዓይነት ከመመርመር በትክክል የተለካ ግፊትና ስኳር ይበልጣል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ይህ ለእኔ ለምን ያስፈልገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በዚህች ከተማ በገባ ጊዜ ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል ያን ዘመን እናስባለን። የዚያን ጊዜ ሰው ግን የደም ግፊቱን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

ከቤተሰብ ማን ይቅደም ለምትሉ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑት፣ በቤተሰባቸው ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው፣ እንዲሁም አንድ ጊዜ እንኳ ተለክተው የማያውቁ ይቅደሙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ መታወቂያውን ይያዝ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል አድርጎ ያምጣ፤ ስማቸውን ከማስታወስ ይቀላል። የዛሬ ትኩሳት ወይም አዲስ ሳል ያለበት ሰው ምርመራውን ለሌላ ቀን ያስተላልፍና በቅድሚያ በ8335 ይደውል። የተለካችሁትን ቁጥር በካርድ ላይ ብቻ አትተዉት፤ በወረቀት ጽፋችሁ በቤት አስቀምጡ፤ ድንገት ብትታመሙ የሚያስታምማችሁ ልጅ ለሐኪሙ የሚያሳየው እርሱን ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።