ስለ ሸሸ ሰው የሚሠራ ፊልም ምን ማሳየት ይገባዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ፥ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተማከርን። አንዳንዶቻችን ስለ እርሻ፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ንጽሕና ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን ከልባችን ሳይወጣ በቆየ በአንድ ጥያቄ ተስማማን። ይህንንም ጥያቄ ያነሡልን የትምህርት ቤታችን ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ማታ በአዳራሻችን «የሕዝብ ጠላቶች» የሚባል የአሜሪካ ፊልም ታየ። ፊልሙን ማይክል ማን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ያዘጋጀው ሲሆን፥ ጆን ዲሊንጀር የተባለውን የባንክ ዘራፊ ሆኖ የሚጫወተው ጆኒ ዴፕ ነው። ዲሊንጀር እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1934 በኢንዲያና ግዛት ክራውን ፖይንት ከሚባለው እስር ቤት አምልጧል። ያመለጠውም ከእንጨት በተሠራ ሽጉጥ ጠባቂዎቹን አስፈራርቶ እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያም በአውራጃዪቱ የፖሊስ ሹም መኪና ተቀምጦ ሄደ። ይህ በፊልሙ ላይ በታየ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኛም ከአጨብጫቢዎቹ መካከል ነበርን፤ አንክድም።

መብራቱ ሲበራ ዘበኛችን በበሩ አጠገብ ቆመው አየናቸው። ፈገግ ብለውም፥ «ልጆቼ፥ ያ ሰው ሲያመልጥ ደስ አላችሁ። እነዚያ በር ሲጠብቁ የተያዙት ዘበኞችስ በማግስቱ ምን ሆኑ?» ሲሉ ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሰውየውን ታሪክ ፈልገን አነበብን። ዲሊንጀር በዚያ እስር ቤት የተቀመጠው በዝርፊያ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1934 በምሥራቅ ቺካጎ አንድ ባንክ ሲዘረፍ ኦማሊ የሚባል ፖሊስ ተገድሎ ነበር፤ ዲሊንጀርም በዚህ ሰው ግድያ ተከስሶ ነበር። ነገር ግን ስላመለጠ በዚያ ክስ ሳይፈረድበት ቀረ። ከአዳራሹ ስንወጣ የዲሊንጀርን ባርኔጣና አረማመድ ሁላችን እናስታውስ ነበር። የኦማሊን ስም የያዘ ግን አንድም አልነበረም።

ደግሞም በዚያ ዘመን ሕዝቡ ዲሊንጀርን ያደነቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአሜሪካ ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ደርሶ፥ ብዙ ባንኮች ተዘግተው፥ የድኻው ቁጠባ ጠፍቶ፥ ገበሬውም በዕዳ መሬቱን ተነጥቆ ነበር። ስለዚህ ባንክ የዘረፈ ሰው፥ ለድኻው አንዲት ሳንቲም ባይሰጥም እንኳ፥ የድኻውን ቂም የተወጣለት መሰለው። የመንግሥት ሰዎችም ከስሕተት ንጹሓን አልነበሩም። በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር በዊስኮንሲን ግዛት ሊትል ቦሂሚያ በሚባል ማረፊያ ቤት ወንበዴዎቹን ሊይዙ ሄደው፥ ምንም በደል የሌለባቸውን ሦስት ሰዎች በጥይት መቱ፤ ከሦስቱም አንዱ ሞተ። ወንበዴዎቹ ግን በጨለማ አመለጡ።

ዲሊንጀር የሞተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 1934 በቺካጎ ከተማ ባዮግራፍ ከሚባል ሲኒማ ቤት ሲወጣ ተመትቶ ነው። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። በዚያች ሌሊት ገብቶ ያየውም ፊልም ስለ አንድ ወንበዴ የተሠራ ነበር። እንግዲህ እርሱም እንደ እኛ ተመልካች ነበር ማለት ነው። ሬሳው በወደቀበት ቦታ የተሰበሰቡ ሰዎች መሐረባቸውን በደሙ ነክረው ለመታሰቢያ እንደ ወሰዱ ይነገራል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው፥ ለደጀን ልጆች ምን ያደርግላቸዋል የሚል ቢኖር፥ የእኛም አገር ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለችም ብለን እንመልሳለን። የምንኖረው በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ከዚህ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ገደልና ጫካ መኪና ሳይመጣ በፊት ነጋዴው ብቻውን የማይደፍረው መንገድ ነበር። ባልንጀራ ጠብቆ፥ በቅፍለት ሆኖ ይወርድ ነበር እንጂ።

በቋንቋችን «ሽፍታ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ ይይዛል። አንደኛው የነጋዴን በቅሎ የሚነዳው፥ የገበሬን በሬ የሚወስደው ቀማኛ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ተጓድሎበት፥ ርስቱን ተነጥቆ ወይም የአባቱ ደም አልወጣ ብሎት «ዱር ቤቴ» ያለው ሰው ነው። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ፥ ቀማኛው በተበደለው ስም ይከብራል፤ የተበደለውም በቀማኛው ስም ይወገዛል። ፊልም ሠሪ ሁሉ መጀመሪያ ሊለይ የሚገባው ይህን ይመስለናል።

ለዚህም ከአገራችን ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። እኒህን ሰው ከዲሊንጀር ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነውር ነው፤ እኛም እንዲህ አላደረግንም። ነገር ግን ስማቸው እንዴት እንደ ተለዋወጠ ተመልከቱ። ጠላት አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በብቸናና በአካባቢው ሲዋጉት፥ ፋሽስቶች አርበኞችን ሁሉ «ሽፍታ» ይሉ ነበር። ሕዝቡ ግን «አባ ኮስትር» ብሎ ጠራቸው። ከነጻነት በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ የደጃዝማችነት ማዕርግ ተቀበሉ። ጥቂት ቆይቶ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው እጃቸውን ሰጡ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከእስር ቤት አምልጠው እንደገና ተያዙና በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ዛሬ በዚያችው ከተማ በስማቸው የተሰየመ ጎዳና አለ።

በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሽፍታ፥ አርበኛ፥ ደጃዝማች፥ ወንጀለኛ የሚሉ አራት ስሞች ተሰጡ። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ስም ሰጪው ግን ይለዋወጥ ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ሸሽቶ ስለሚታደን ሰው ፊልም ስናይ፥ «ወንጀለኛ ነው» ሲሉን ማን ነው እንዲህ ያለው ብለን እንጠይቅ፤ «ጀግና ነው» ሲሉንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዘበኛችን እንመለስ። ታሪኩን ካነበብን በኋላ ሄደን፥ «አባባ፥ ያን ጥያቄ ለምን ጠየቁን?» አልናቸው። እርሳቸውም ልጅ ሳሉ የሆነውን አጫወቱን። አንድ ሌሊት መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ደጃቸውን መቱ። እናታቸው ለዘር ያስቀመጡትን ጤፍ ፈጭተው ጋገሩላቸው። ሰዎቹም በልተው ሲሄዱ ከጥማዱ አንዱን በሬ ነድተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሽፍታ አሳዳጆቹ መጡ። «ሽፍታ አብልታችኋል» ብለው አባታቸውን አሰሩ፤ የተረፈውንም እህል እነርሱ በሉት። በዚያ ዓመት ቤተ ሰቡ ያረሰው በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ነበር፤ ያም ቢሆን የደረሰው ለግማሹ ማሳ ብቻ ነው።

«ታዲያ እናትዎ ያን ሽፍታ ረግመውት ኖሩ?» አልናቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «በዓመቱ በሠርግ ላይ አዝማሪ የእርሱን ጀግንነት ሲያወድስ እናቴም አብራ ታጨበጭብ ነበር» አሉን። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም፤ የራሳችንን ጭብጨባ አስታወስንና።

በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያነበብነው የዳዊት ታሪክም በዚህ ጊዜ ትዝ አለን። ዳዊት ከሳኦል ፊት ሸሽቶ በዓዶላም ዋሻ በተቀመጠ ጊዜ የተቸገሩ፥ ባለዕዳዎችና የተከፉ 400 ያህል ሰዎች ወደ እርሱ ተሰበሰቡ። እርሱም በበደል የተሰደደ ሰው ነበር። ነገር ግን ናባል የተባለው ባለጠጋ ስንቅ ቢከለክለው፥ ሰይፉን ታጥቆ ቤቱን ሊያጠፋ ተነሣ። የናባል ሚስት አቢግያ 200 እንጀራና ሌላም ስንቅ በአህያ ጭና በመንገድ ተቀበለችው፤ ደም እንዳያፈስም ለመነችው። ዳዊትም ሰማት፤ ተመለሰም። መጽሐፉ ዳዊትን ሲያከብር የአቢግያን ስምና ቃል አልደበቀም። ይህንንስ የሚያህል ምሳሌ ለፊልም ሠሪ ከወዴት ይገኛል?

እንግዲህ ሐሳባችንን እንሰብስብ። ስለ ሸሸ ሰው የሚሠራ ፊልም ሦስት ነገር እንዲያሳየን እንፈልጋለን። አንደኛ፥ ሰውየው ለምን እንደ ሸሸ፤ በደል ቢኖር በደሉን፥ ስስት ቢሆንም ስስቱን። ሁለተኛ፥ አሳዳጁ በምን መንገድ እንዳሳደደ፤ ሕግ በሕግ መንገድ ካልሄደ ሌላ ሽፍታ ያፈራልና። ሦስተኛውና ታላቁ፥ ሸሺውና አሳዳጁ ያለፉበትን ቤት። በዚያ ቤት ውስጥ የሚበላው ማን፥ የሚራበውስ ማን እንደ ሆነ።

ከመካከላችን ወደ ፊት ካሜራ የሚይዝ ሰው ቢወጣ፥ ፊልሙን ከጠመንጃና ከፈረስ እንዳይጀምር አደራ እንለዋለን። ከዓባይ አፋፍ ላይ ካለች ጎጆ ይጀምር። ሌሊት ነው፤ በር ይመታል፤ አንዲት እናት ተነሥታ የዘር ጤፍ የተቀመጠበትን ጎታ ትከፍታለች። በር የመታው ቀማኛ ይሁን አርበኛ እርሷ ገና አታውቅም። ተመልካቹም ከእርሷ ጋር ይወቀው።

እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። የተማርነው ሒሳብና ጂኦግራፊ ምናልባት ይረሳን ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ሰው በሚያጨበጭብበት አዳራሽ ሁሉ፥ በሥዕሉ ላይ ያልታየው ሰውስ ምን ሆነ ብለን ለመጠየቅ ብንችል፥ የመምህራኖቻችን ድካም ከንቱ አልቀረም። ይህን ያስተማሩንን ዘበኛችንንም ዛሬ ከመምህራኖቻችን ጋር አብረን እናመሰግናለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፥ ወላጆቻችንንና አገራችንን ይባርክ።