ስኳሩ አልወርድ ያለው ድመት
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ድመትና ስለ ስኳር በሽታ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። «ስንት የታመመ ሰው እያለ ለድመት መርፌ!» ትሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ነገሩ ወደ ሰው ይመለሳል።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባምቢስ በሚባል ሰፈር ነው። ባምቢስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከካዛንቺስ አጠገብ ይገኛል። ስሙን ያገኘው አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ከከፈተው ሱቅ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው መጡ። የድመቱ ስም ቡላ ነው። «ልጄ፣ ይህ ድመት ውሃ አልጠግብ አለኝ። እንደ ጉድ ይበላል፣ ግን ይከሳል። ሽንቱማ ቤቱን አጥለቀለቀው» አሉኝ። ቡላን መሬት ላይ አስቀምጬ ሲራመድ አየሁት። በኋላ እግሩ ጣቶች አይቆምም፤ ተረከዙን መሬት እያስነካ ይሄዳል። ስኳር የቆየበት ድመት ነርቩ ሲጎዳ እንዲህ ይሆናል። ደሙን ብመረምር ስኳሩ 430 ሆነ። የጤነኛ ድመት ከ80 እስከ 120 አካባቢ ነው። በሽንቱም ውስጥ ስኳር ተገኘ።

የስኳር በሽታ ምንድን ነው? ስትናደዱ «ቆሽቴ አረረ» ትላላችሁ አይደል? ቆሽት በሆድ ውስጥ ከጨጓራ አጠገብ ያለ ለስላሳ ሥጋ ነው። ኢንሱሊን የሚባል ቅመም ይሠራል። የምንበላው እንጀራ ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩም ወደ ደም ይገባል። ከደም ወደ ሥጋ ገብቶ ጉልበት እንዲሆን ግን ኢንሱሊን ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ከሌለ እህሉ አውድማ ላይ ተከምሮ ጎተራው ባዶ ቀረ ማለት ነው። እህል ሞልቶ ቤተሰቡ ይራባል። ቡላም እየበላ የከሳው ለዚህ ነው።

የገጠር ድመት ይህ በሽታ እምብዛም አይታይበትም። አይጥ ያድናል፣ ይሮጣል፣ የሚበላው ሥጋ ነው። የከተማው ድመት ግን ዳቦና እንጀራ እየበላ ሶፋ ላይ ይተኛል። ይወፍራል። ወፍራም፣ የተኮላሸና እድሜው የገፋ ወንድ ድመት በስኳር በሽታ ቶሎ ይያዛል። ቡላ ሦስቱንም ነበር።

ሕክምናው መርፌ ነው፤ ለሰው የሚሰጠው ያው ኢንሱሊን። ይህ መድኃኒት የተገኘውም በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። በ1913 ዓ.ም. ክረምት በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ቆሽቱ ለወጣ ውሻ ከሌላ ውሻ ቆሽት የተጨመቀ ፈሳሽ ቢወጉት ስኳሩ ወረደ። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ኢንሱሊን ከታረደ በሬና ከአሳማ ቆሽት ሲወጣ ኖሯል። ዛሬ በፋብሪካ ይሠራል።

እኚያ እናት ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። መርፌ መውጋት ያውቃሉ። ስለዚህ ከራሳቸው ብልቃጥ፣ በሌላ ንጹሕ መርፌ፣ ጠዋትና ማታ 1 ዩኒት እንዲወጉት ተስማማን። ለድመት የሚሻለው ግላርጂን የሚባለው፣ ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠራው ነው፤ በእጃቸው ያለው ግን ኤንፒኤች የሚባለው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለካው 410 አለ። ወደ 2 ዩኒት አሳደግሁ። አልወረደም። 3 አደረግሁት። እምቢ አለ። በመጨረሻ 4 ደረሰ። ቡላ እየከሳ ሄደ። እሳቸውም «እኔንም እኮ ሌሊት ሽንት ሲያመላልሰኝ ያድራል፤ መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ» አሉኝ። ይህን ሰምቼ ዝም አልኩ። የእኔ ሥራ ድመት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ድመት ሲፈራ ደግሞ ስኳሩ ይወጣል። ሐኪም ዘንድ ሲመጣ 300 ቢያሳይ ከፍርሃት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጆሮው ጠብታ ደም ወስጄ በቤቱ ልለካው ብዬ ካዛንቺስ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ጠበቀኝ። ቡላ ከምድጃው አጠገብ ተኝቷል። ለካሁት፤ አሁንም ከ400 በላይ ነው። «እማማ፣ መድኃኒቱን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ከረከቦቱ ሥር መዘዝ አድርገው አወጡት። ብልቃጡን ስይዘው ሞቅ ይላል!

ማቀዝቀዣ የላቸውም። «እዚህ ካኖርኩት አይጠፋብኝም» ብለው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ከሰል ይነድዳል፤ ብልቃጡም ከምድጃው አንድ ክንድ አይርቅም። ኢንሱሊን እንዲህ ሲሞቅ ኃይሉን ያጣል። መልኩ ግን ላይለወጥ ይችላል፤ አይታችሁ አታውቁትም። እኛ ለካ 4 ዩኒት እያልን የምንወጋው የሞተ መድኃኒት ኖሯል። ለእሳቸውም ያው ነው።

«ዛሬውኑ አዲስ ብልቃጥ ይግዙ» ብያቸው ወጣሁ። እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። መጠኑን ወደ 1 እንዲመልሱት አልነገርኳቸውም።

በዚያው ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከአዲሱ ብልቃጥ ለቡላ 4 ዩኒት ወጉት። እሳቸው ጾመኛ ስለነበሩ እራታቸውን የሚበሉት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የራሳቸውንም መርፌ ያን ጊዜ ነው የሚወጉት። ሁለት ሰዓት ሲሆን መርፌያቸውን ሞልተው ሊወጉ ሲሉ ቡላ ተንገዳግዶ ወደቀ። ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ስልክ ደወሉልኝ። «ማር በጣትዎ ድዱን ይቀቡት! እርስዎም እንዳይወጉ!» አልኳቸው። ማሩን ቀቡት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቡላ ራሱን ቀና አደረገ። እኔም በሩጫ ደረስኩ፤ ሌሊቱን አብረን አደርን።

እሳቸው ሁለት ጊዜ የተጨመረላቸውን መጠን ከደኅናው ብልቃጥ ቢወጉ ኖሮ ማን ማር ይቀባቸው ነበር? ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄደው ነገሩን ተናገሩ። ስኳራቸው ተለክቶ መጠኑ ተቀነሰላቸው።

እንግዲህ እናንተ ወይም ጎረቤታችሁ ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ይህን አስቡ። ስኳር አልወርድ ሲል መጠን ከመጨመሩ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። መድኃኒቱ የት ነው የሚቀመጠው? ከተከፈተ አራት ሳምንት አልፎታል ወይ? ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተወጋ ቆዳው ይጠጥራል፤ መድኃኒቱም በደንብ አይሰርግም። ደመና የሚመስለው ኤንፒኤች በመዳፍ መሐል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። መርፌውም ልኩ ይታይ። 100 የተባለውን ኢንሱሊን 40 በተባለ መርፌ የሚቀዳ ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል ይወስዳል፤ ይህ ይገድላል። የታመመ ጥርስ ወይም የሽንት ቧንቧ ቁስልም ስኳርን ያወጣል። የቡላም አንድ ጥርሱ በስብሶ አግኝቼ ነቅዬለታለሁ። ይህን ሁሉ ለጤና ባለሙያ ንገሩ፤ መጠኑን በራሳችሁ አትለውጡ።

ስኳር ሲወርድስ? ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ንግግሩ ይደናገራል። ሰክሯል ብላችሁ አትለፉት። ቀኑን ሲያርስ ወይም ሲያጭድ የዋለ ሰው፣ ምሳ ያሳለፈ ሰው፣ እንደ ወትሮው ከወጋ ይህ ይደርስበታል። መዋጥ ከቻለ በስኳር የጣፈጠ ሻይ ወይም ማር ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን የሚጠጣ ነገር በአፉ አታፍስሱ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት፣ ድዱን ማር ቀቡትና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ማቀዝቀዣ የሌለው ምን ያድርግ? የእንሥራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። ውሃው በሸክላው አልፎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለእማማም ይህንኑ ነው የሠራንላቸው። አፈ ሰፊ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀመጥን። በመሐላቸው አሸዋ ሞልተን አጠጣነው። ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለን ከውስጠኛው ማሰሮ ከተትነው፤ በላዩም እርጥብ ጨርቅ አለበስነው። ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ነው። እንደ ማቀዝቀዣ አይሆንም፤ ከረከቦት ሥር ግን እጅግ ይሻላል። አየሩ እርጥብ በሆነበት አገር ብዙ አያቀዘቅዝም፤ የዚያ አገር ሰው ያልተከፈተውን ብልቃጥ ጤና ጣቢያ ያስቀምጥ።

ቡላ ዳቦ ተከልክሎ ሥጋ ብቻ ይበላል። ጠዋትና ማታ 1 ዩኒት ይወጋል። ስኳሩ አንዳንድ ቀን 250 ይደርሳል፤ ጎረቤት ወተት ያጠጣዋል ብዬ እጠረጥራለሁ። እግሩ ግን ቀና ብሏል፤ አጥር ሲዘልል አይቼዋለሁ።

ማሰሮዎቹን ይዤ መጥቻለሁ። ቀረብ ብላችሁ እጃችሁን ወደ ውስጥ ከትታችሁ እዩ።