የመኪና ባትሪ አመራረጥ በቆላና በደጋ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ መኪና ባትሪ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ በሚነገርበት መድረክ ላይ አንድ የእርሳስ ሣጥን ይዞ መቅረብ አያንስም ወይ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር። ዳሩ ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤታችን የመለዋወጫ ዕቃ መግዣ ሰነድ የምናዘጋጅ፣ ወይም ሌላው ያዘጋጀውን መርምረን የምንፈርም ነን። ባትሪ በዚያ ሰነድ ውስጥ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ «12 ቮልት፣ 70 አምፔር ሰዓት፣ ጥራቱ የተጠበቀ» ተብሎ ይጻፍና ይታለፋል። ቀሪውን ዝቅተኛው ዋጋ ይወስነዋል። በዚያች በአንዲት መስመር ጉድለት ግን ወላድ ወደ ሆስፒታል ሊያደርስ የተነሣ መኪና፣ ሌሊት ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። በባትሪው ገጽ ላይ በትልቁ ታትሞ የምናየው፣ ሻጩም ገዢውም የሚከራከሩበት ቁጥር ለብርድ አገር የወጣ መለኪያ ነው። በአገራችን ባትሪን ቶሎ የሚገድለው ግን ሙቀትና የቻርጅ ጉድለት ነው። የምንመርጥበት ሚዛንና የሚጠብቀን ጠላት አልተገናኙም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሣጥኑ በስድስት ክፍል ይከፈላል፤ በየክፍሉ የእርሳስና የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ሰሌዳዎች በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ ያለ ኃይል ስለሚሰጥ፣ ስድስቱ ሲቀጣጠሉ ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። ኤሌክትሪክ ሲሰጥ የሁለቱም ዐይነት ሰሌዳዎች ገጽ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣል፤ አሲዱም ይቀጥናል። ቻርጅ ሲደረግ ነገሩ ይገለበጣል። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከገጠመ ወዲህ፣ በብረት እጀታ አዙሮ ማስነሣት እየቀረ ሥራው በዚህ ሣጥን ላይ ወደቀ። ጋራዦቻችን ሞተሪኖ የሚሉት ማስነሻ ለጥቂት ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሥራውን የሚረከበው በልማድ ዲናሞ የምንለው አልተርኔተር ነው።

ባትሪ የሚሞተው በሦስት መንገድ ነው። የሰሌዳው አጽም የሆነው የእርሳስ ፍርግርግ በዝገት ይበላል፤ ውሃው እየተነነ ሰሌዳው ራቁቱን ይቀራል፤ ወይም ሳይሞላ ብዙ ጊዜ በመቆየቱ ሰልፌቱ ጠንካራ ብርጭቆ መሳይ ሆኖ ወደ ቀድሞው ባሕርይ አልመለስ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሙቀት ያፋጥናቸዋል። ሦስተኛው የቻርጅ ጉድለት ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ታላቅ ቁጥር እንመለስ። ሲ.ሲ.ኤ. ተብሎ የሚጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፔር፣ በአሜሪካ መለኪያ መሠረት፣ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ፣ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለው አምፔር ነው። እንዲህ ያለ ብርድ ከተማዎቻችን አያውቁትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት የደብረ ብርሃን ጠዋት እንኳ ከዚያ በጣም የራቀ ነው። በርግጥ በደጋ ንጋት ላይ የናፍጣ ሞተር የሚያስነሣ ሰው ጥሩ የማስነሻ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የመኪናው አምራች ካዘዘው በታች መውረድ አይገባም። ነገር ግን ከታዘዘው አልፎ ይህን ቁጥር ማሳደድ ዋጋ አለው። ፋብሪካው በአንድ ልክ ሣጥን ውስጥ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ከሚመርጣቸው መንገዶች አንዱ ሰሌዳዎቹን አቅጥኖ ብዛታቸውን መጨመር ነው፤ ገጹ ሲሰፋ የቅጽበት ጉልበቱ ይጨምራልና። ቀጭን ሰሌዳ ደግሞ በሙቀትና በዝገት ፊት ብዙ አይቆምም። በቆላ የምንጠቀም ሰዎች ለማንፈልገው ጉልበት ዕድሜ ከፈልን ማለት ነው።

እኔ በበኩሌ ከሲ.ሲ.ኤ. ይልቅ የመጠባበቂያ ዐቅም የሚባለውን አስቀድማለሁ። ይኸውም ሙሉ ባትሪ 25 አምፔር እየተሳበ፣ ቮልቴጁ 10.5 እስኪደርስ የሚቆይበት ደቂቃ ነው። ዲናሞው መንገድ ላይ ቢሞት መብራት አብርተን ስንት ደቂቃ እንጓዛለን የሚለውን ይመልሳል። ከዚያ ቀጥሎ የምመለከተው ክብደቱን ነው። ልካቸው አንድ ከሆነ ሁለት ባትሪዎች መካከል ከባዱ ብዙውን ጊዜ ብዙ እርሳስ የያዘው ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ባትሪውን በሁለት እጃቸው አንሥተው የሚያመዛዝኑ አሮጌ ሾፌሮችን አይቶ የሚስቅ መሐንዲስ ካለ፣ ሳቁን ቢያቆይ ይሻላል።

የልኩም ነገር ችላ አይባልም። በመንገዶቻችን ላይ የጃፓን መኪናዎች ስለሚበዙ እንደ 55ዲ23ኤል ያለ ጽሑፍ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የአቅም ደረጃ፣ ፊደሉ የስፋትና የቁመት ምድብ፣ 23 በሴንቲሜትር የተሰጠ ርዝመት ሲሆን፣ የመጨረሻው ፊደል የፖዘቲቩ ጫፍ በየት በኩል እንዳለ ያመለክታል። ኤል ለሚፈልግ መኪና አር የገዛ ሰው ገመድ ሲያጥርበት መቀጠል ይጀምራል፤ የብዙ መኪና የኤሌክትሪክ ብልሽት ታሪክም ከዚያ ይጀምራል። በቦታው ላይ ጥብቅ ብሎ የማይታሰር ባትሪ በኮረኮንች መንገድ ሰሌዳው ይራገፋል። ትልቅ ባትሪ ዲናሞ ያቃጥላል የሚባለው ግን በጤነኛ ዲናሞ ላይ መሠረት የለውም። ባትሪን ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ ቻርጁን ያወርዳል የሚባለውም ለዛሬው የፕላስቲክ ሣጥን አይሠራም።

ስለ ሙቀት ረዘም አድርጌ ልናገር። የኬሚስትሪ ሰዎች በተለምዶ የሚጠቀሙበት ደንብ፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዝገቱ ፍጥነት በግምት በእጥፍ ይጨምራል ይላል። ይህ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ 5 ዓመት ሊያገለግል የሚችል ባትሪ፣ ዓመቱን ሙሉ በ10 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ቢኖር ከግማሽ ዕድሜው በላይ መጠበቅ አይቻልም። ከሞጆ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ሰመራን አልፎ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና ግን የሚሄደው ከ10 ዲግሪ በላይ ወደሚበልጥ ሙቀት ነው፤ በዚያ ላይ የሞተሩ ትኩሳት ይጨመራል። ስለዚህ በአንድ ግዢ ለደጋውም ለቆላውም አንድ ዐይነት ባትሪ ማዘዝ፣ ለሁለቱ አንድ ዐይነት ልብስ እንደ መስፋት ያለ ነው። አምራቹ ባትሪው ላይ የሙቀት መከላከያ ሽፋን አድርጎ ከሆነም ሽፋኑ ጋራዥ ወለል ላይ እንዳይቀር።

የፍርግርጉ ብረት ዐይነትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከእርሳሱ ጋር አንቲሞኒ የተቀላቀለበት ውሃ ይፈጃል፤ ደጋግሞ መውረድና መሙላትን ግን ይችላል። ካልሲየም የተቀላቀለበት ውሃ አይፈጅም፤ እንክብካቤ አይፈልግም ተብሎ ተዘግቶ የሚሸጠውም በአብዛኛው እርሱ ነው። የትኛው ይሻላል ቢባል መልሴ ስለ ባትሪው ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ይሆናል። በየወሩ ክዳን ከፍቶ የተጣራ ውሃ የሚጨምር ትጉህ ሾፌር ያለው ክፍል በቆላ የሚከፈተውን ይግዛ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ የተዘጋው ይሻላል። በማናቸውም መንገድ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃም፣ አሲድም አይጨመርም።

የባትሪ ዕድሜ መቆጠር የሚጀምረው ከፋብሪካ እንጂ ከሱቅ አይደለም። አሲድ ተሞልቶ የመጣ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ቻርጁ ይወርዳል፤ መጋዘኑ ሞቃት ከሆነ ይፈጥናል። ስለዚህ የተሠራበትን ወር የሚያመለክተውን ምልክት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በብዙዎቹ ላይ ፊደሉ ወርን፣ ቁጥሩ ዓመትን ያሳያል። ከስድስት ወር ያለፈውን፣ መሐሉ ላይ ቻርጅ መደረጉ ካልታወቀ፣ ባይገዙት ይመረጣል። በደረቁ የሚመጣውና አሲዱ በሽያጭ ዕለት የሚሞላው በዚህ ረገድ ለሩቅ አገር ገዢ ይጠቅማል፤ ሆኖም ከተሞላ በኋላ ያለ ቻርጅ ቸኩሎ መስጠት የተለመደ ጥፋት ነው። አዲስ ተብሎ ቀርቦ 12.5 ቮልት የማያሳየውን እኔ አልረከብም። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ በአሲድ መለኪያው እያንዳንዱን ክፍል መፈተሽ ነው፤ ሙሉ ከሆነ 1.27 አካባቢ ያነባል፤ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በ0.05 ከወረደ ያ ክፍል ታሟል። አሮጌ ባትሪ ታጥቦ፣ አዲስ አሲድና አዲስ ወረቀት ተለጥፎበት ሲቀርብ የሚያጋልጠው ይኸው ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ደረስኩ። በሥራ አጋጣሚ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በቆላ ለሚያሠራው ፒክአፕ በ18 ወር ውስጥ ሦስት ባትሪ መግዛቱን አሳይተውኝ ነበር። በየጊዜው የፋብሪካውን ስም ይለውጣሉ፤ በየጊዜው ሻጩን ይወቅሳሉ። ሞተሩ እየሠራ በቮልት መለኪያ ሲታይ 15.2 ቮልት ነበር። የዲናሞው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነበር ማለት ነው። የተለወጠው መቆጣጠሪያ ከአንዱ ባትሪ ዋጋ ያነሰ ነበር። አራተኛውን ባትሪ የመረጠው ማንም ቢሆን ኖሮ ያው ይሞት ነበር።

ስለዚህ የግዢ ጥያቄ ሲመጣ አስቀድሞ የሚመረመረው መኪናው ነው። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ ይለካ፤ 12.6 አካባቢ ካልሆነ፣ ባትሪው ራሱ ደክሞ ወይም አንድ ነገር ሌሊቱን ሲስብ አድሮ ይሆናል። ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ደኅና ነው። ከ13.5 በታች ከሆነ ቺንጊያው ላልቶ፣ የባትሪው ጫፍ ሻግቶ ወይም ዲናሞው ታሞ ሊሆን ይችላል። መኪናው ቆሞ ሳለ የሚስበው ከ0.05 አምፔር ባይበልጥ ደግ ነው። በኋላ የተገጠመ ማንቂያ ደወል ወይም መከታተያ ግማሽ አምፔር ቢስብ፣ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ለመለካት የሚበቃው መሣሪያ በየኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቦርሳ ውስጥ አለ። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪናዎች ላይ ደግሞ ሁለቱ ባትሪዎች አብረው ይለወጡ፤ አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ዕድሜ ይጎትተዋልና።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ሁሉ ከነዳጅ መኪና ጋር የሚያልፍ ጉዳይ ነው ይሉኛል። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በማስታወስ ነው። እኔ ግን አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ሞተሪኖ አያዞርም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚዘጋው እርሱ ነው። እርሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ እያለ መኪናው ይቆማል። በአንዳንዱ ይህ ትንሹ ባትሪ እርሳስ ነው፣ በሌላው ሊቲየም፤ ሳይጠይቁ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

የመግዣ ሰነዱን በተመለከተ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ልኩና የፖዘቲቩ ጫፍ አቅጣጫ፣ ዝቅተኛው የመጠባበቂያ ደቂቃ፣ በርክክብ ዕለት የሚለካው ቮልቴጅና የተሠራበት ወር ይጻፍ፤ ቆላና ደጋ ተለይቶ ይታዘዝ። ዋጋውም በዋስትናው ወራት ተካፍሎ ይወዳደር፤ በዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል የሚሆነው ባትሪ ዋስትናው እጥፍ ከሆነ ርካሹ እርሱ ነውና።

አንድ ተጨማሪ አንቀጽ እንዲገባ እለምናለሁ፤ ይኸውም ሻጩ አሮጌውን ባትሪ ተረክቦ በሕግ ወደተፈቀደለት አቅላጭ እንዲያደርስ የሚያስገድድ ነው። ከባትሪው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ የማይጎዳበት የታወቀ መጠን የለውም። በሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ፣ አሮጌ ባትሪ በየግቢው እየተሰበረ እርሳሱ ይለቀም በነበረበት ሰፈር 18 ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ የእኛ አሮጌ ባትሪ ከግቢያችን ሲወጣ አሲዱ በቦይ ሳይደፋ፣ ሣጥኑ ሳይሰበር፣ ቀጥ ብሎ ተጭኖ፣ ተቆጥሮና ተፈርሞበት ይውጣ።

ለጥያቄ የተመደበው ጊዜ እንዳይነካ እዚህ ላይ አቆማለሁ። የቮልት መለኪያና የአሲድ መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሻይ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ላይ የራሳችሁን መኪና ለመለካት የምትፈልጉ ልትመጡ ትችላላችሁ።